የታምሩ ፍርግርግ
ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ጓዜን ሸክፌ ጨርሻለሁ። ግን እስቲ የአገሩን ኑሮ ልጠይቀው ብዬ፣ ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ እዚያ ለሚኖረው አብሮ አደጌ ለታምሩ በቪዲዮ ደወልኩ። ፊቱ ሲመጣ ክው አልኩ። ከጀርባው ወፍራም የብረት ፍርግርግ ይታያል።

«ታሜ፣ መቼ ታሰርክ?» አልኩት በሹክሹክታ። እናቱ በየእሁዱ ቸርች ቆማ ስለ እሱ ታመሰግናለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?

«ማን? እኔ?»

ወዲያው በፍርግርጉ መሃል አንድ እጅ ገባ።

«ከኋላህ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞር አለና እጁ ላይ ዳቦ አስቀመጠለት። «ደንበኛ ነው ባክህ! ሱቄ ውስጥ ነኝ። እዚህ አበሻ ዘራፊ ፈርቶ እንዲህ ነው የሚሸጠው። ያለ ፍርግርግ የሚሸጥ አንድ ጓደኛ ነበረን።»

«ነበረን?»

የዳቦውን ሂሳብ በፍርግርጉ መሃል ተቀበለ። ከዚያ፣ «አንተ ብቻ ቶሎ ና» አለኝ፤ «ያንተ ፍርግርግ ተበይዶ አልቋል።»