ስንቅ አይፈታም

ከጋይንት ላሊበላ ለገና በእግር ስንሄድ እኔን የሚቀድም የለም፤ በቅሎ እንኳ ትቀናብኛለች። አጎቴ ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ በዱላቸው ያግዱኝና «የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ ስንቅ አይፈታም» ይሉ ነበር።

«ጋሼ፣ በረሃብ ሊፈጁን ነው?» እላለሁ።

«ጉራህን ብላ!»

ክረምት ላይ ዐረፉ፤ ዘንድሮ ያለሳቸው ሄድን። ቀድሜ ደርሼ በሶዬን ፈታሁ፤ ሌላውም ፈታ። ታች አንዲት አሮጊት እያነከሱ ብቻቸውን ዳገቱን ይወጣሉ። በሶዬን መልሼ ቋጠርኩ። በራሴ ተናድጄ «መልሳችሁ ቋጥሩ! የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ አይፈታም!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ በረሃብ ሊፈጁን ነው?» አለኝ አንዱ።

ጋሼ፣ ይኸው ሥራዎን እኔ ላይ ጥለው ሄዱ። እዚያም ስንቅዎን ሳይፈቱ የሚጠብቁኝ ከሆነ ግን ይብሉ፤ በዚያ መንገድስ ፈጣን አይደለሁም።