አንድ ጠርሙስ እድፍ

እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ውላ ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከአባቷ አልጋ አጠገብ ካለው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ፊት ቁጢጥ ትላለች። የሽማግሌው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ታች ናቸው?"

"ታች ናቸው፣ አባዬ። ያ ጉረኛው ድንጋዩን ይዞ ማንንም አላስጠጋ ብሏል።"

አባቷ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ወዲህ አንገታቸው ቀና አይልም፤ ትራሳቸው ላይ ሆነው የሚታያቸው የገንዳው የላይኛው ውሃ ብቻ ነው። ዓሦቹ ደግሞ የጅረት ዓሦች ናቸው፤ ጣት የማያክሉ፣ አሸዋ የመሰሉ፣ ከታች ጠጠሩ ላይ ሆነው ፓምፑ ወደሚገፋው ውሃ ፊታቸውን አዙረው የሚውሉ። ምን ያለ ጉድ ነው! ቀኑን ሙሉ ይዋኛሉ፤ አንዲት ስንዝር ግን ፈቀቅ አይሉም። ወላጆቻቸው የተቀዱበት ጅረት ዛሬ አስፋልት ተደፍቶበታል። እነዚህ ካለቁ፣ አለቁ።

አንድ የእረፍት ቀን፣ ወገቧን እየቆረጣት፣ አባቷን ላስደስት ብላ ገንዳውን ልታጸዳ ተነሳች። ከማጣሪያው ውስጥ ስፖንጁን ብታወጣው ጭቃ የጠጣ ቡናማ ነገር ሆኗል። ሙያዋ ነውና እድፍ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ በበረኪና አሸችው፣ ደጋግማ አለቀለቀችው፤ ጥጥ አስመስላ መለሰችው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትገባ አባቷ "ታች ናቸው?" አላሏትም።

"ዓሦቹን... አየኋቸው" አሉ፣ ቃሉን እየጎተቱ።

ደስ ሊላት ሲል ፊታቸውን አየች። ዞር አለች። ዓሦቹ ሁሉ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይገጥማሉ። አንዱ በጎኑ ተንሳፍፏል።

"ስፖንጁን ነካሽው?"

"እንደ አንሶላ ነጭ ነው ያደረግኩት፣ አባዬ!"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ያ ቡናማው እኮ... እሱ ነው ኩሳቸውን የሚበላላቸው። ሕይወት አለው። በዓይን አይታይም እንጂ።"

እጇን በአፏ ጫነች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታሳድደው የኖረችው እድፍ፣ ሕይወት!

አባቷ አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "ባልዲው" አሉ ብቻ። ክሎሪኑ እንዲበንን ተከፍቶ የሚያድር የቧንቧ ውሃ ከቤት ጠፍቶ አያውቅም። ከገንዳው ሲሶውን ቀድታ በዚያ ተካችው።

"ምግብ አትስጪያቸው። ደግሞ... እድፍ ፈልጊ።"

እድፍ ከየት ይለመናል? የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሱቁ ውስጥ የዓሣ ገንዳ አለው። ራሱ እንደ እንቁላል የተላጠ ስለሆነ ሰፈሩ "ጎፈሬው" ይለዋል። እግሯን እየጎተተች ሄደች።

"ጎፈሬው፣ በሞቴ፣ የማጣሪያህን እድፍ ስጠኝ።"

ምላጩን ከደንበኛው አንገት አነሳ። "ምን?"

"ስፖንጁን አጥቤው የአባዬ ዓሦች ሊያልቁ ነው።"

"አይ እህት ዓለም! ሰው ንጹሕ ውሃ ይለምናል፣ አንቺ እድፍ?" ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው። የራሱን ስፖንጅ አውጥቶ በመቀስ ለሁለት ከፈለና ግማሹን ከገንዳው ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ከተተላት።

"የኔስ ጢም?" አለ ደንበኛው፣ ጉንጩ ግማሹ አረፋ እንደሆነ።

"ያንተ ጢም አይሞትም! ... እህቴ፣ እንዳይደርቅብሽ። ደግሞ አደራ፣ እንዳታጥቢው!"

ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለሰች፤ ቡናማውን ቁራጭ ሳታጥብ ማጣሪያው ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ድካም ነው። አንሶላ፣ ባልዲ፣ አንሶላ፣ ባልዲ። ሌላ አንድ ዓሣ ሞተ። የቀሩት አናት ላይ እንዳሉ ናቸው፤ አባቷም ቀኑን ሙሉ እያዩዋቸው ይውላሉ። ያን ያህል ሲናፍቋቸው ከርመው፣ አሁን ማየቱ ሥቃይ ሆነባቸው።

አንድ ቀን፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ ድምፃቸው በሩ ላይ ተቀበላት።

"አልታዩኝም።"

ሮጣ ገንዳው ፊት ቁጢጥ አለች። ታች፣ ከድንጋዮቹ መሐል፣ ፊታቸውን ወደሚመጣው ውሃ አዙረው ተደርድረዋል።

"ታች ናቸው፣ አባዬ።"

በደህናው ጉንጫቸው ፈገግ አሉ። "ጉረኛውስ?"

"ድንጋዩን ይዟል። ማንንም አላስጠጋ ብሏል።"

የዕለቱን ውሃ ቀይራ ስታበቃ ጭንቅላቷን የአልጋው ጠርዝ ላይ ጣለች። እጇ ከበረኪናው በላይ የጅረት ሽታ ይሸታል። ልትታጠብ ግን አልተነሳችም።