ወንድሜና ጠባቡ ፋሻ

ታናሽ ወንድሜን ጋራዥም ሰፈርም የሚጠሩት «ትንሽ ይቀራል» እያሉ ነው። መኪናውን ሊወስድ የመጣ ሰው «አለቀ?» ሲለው መልሱ ሁልጊዜ ይኸው ነዋ።

ሞተር ሲገጥም ግን እጁን ማየት ደስ ይላል። ምሳ ሳደርስለት የዘይት በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ፒስተን ላይ የሚጠለቀውን ቀጭን የብረት ቀለበት፣ እነሱ ፋሻ የሚሉትን፣ መጀመሪያ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ይከተዋል። በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። ከዚያ በቀለበቱ ሁለት ጫፎች መካከል መለኪያውን፣ እንደ ቅጠል የሳሳ ብረት፣ ያሾልካል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ከጠበበ ጫፉን በሞረድ ዳበስ ዳበስ አድርጎ እንደገና ይለካል። «የተሞረደ አይመለስም፣ እትዬ» ይለኛል።

ለእሱ ጥሩ ፋሻ ማለት ጠባብ ፋሻ ነው፤ ጫፎቹ ሊነካኩ የደረሱ። ያስተማረው ሰው እንዲያ ብሎታል፤ ስም ያተረፈውም በዚሁ ነው።

አማቹ፣ የልጁ ባል፣ የሕዝብ መኪና ሹፌር ነው። ጉልበት መጨመሪያ ቱርቦ ያለው ሞተር ባመጣ ጊዜ ወንድሜ ፈትቶ ሲገጥምለት፣ ለአማቹ ብሎ ፋሻውን ከሌላው ሁሉ አጠበበው። ፍቅር ነው እንግዲህ! ቱርቦ ግን ሞተሩን አብዝቶ ያግለዋል፤ የጋለ ብረት ደግሞ ይረዝማል። ሜዳው ላይ እንደ ቅቤ የሄደው መኪና ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ፣ የቀለበቶቹ ጫፎች ተጋጠሙና መሄጃ አጡ። ሲሊንደሩን ቧጠጡት፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ በእግሩ ወረደ።

አማቹ «ምንም አይደል፣ አባባ» አለ። ሞተሩን ለሌላ ጋራዥ ሊሰጥ ማሰቡን የነገረችን ልጅቷ ናት። ወንድሜ ያደረስኩለትን ምሳ ሳይነካው ተወው።

«ሂድና ለምነው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«አጠበብኩት በለዋ!»

ሄደ። የአማቹ በር ላይ ቆሞ «የኔ ልጅ፣ ላንተ ብዬ አጠበብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና ልሥራው» አለ።

አማቹ «ዳገቱን አብረውኝ ከወጡ፣ እሺ» አለ።

ወንድሜ ደነገጠ። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲሠራ ኖሮ መኪና ላይ መቀመጥ ይፈራል። ምን ምን ሊሰበር እንደሚችል አብዝቶ ያውቃል።

ሲሊንደሩ ተጠርቦ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ መጣ። ለቱርቦ የሚበቃውን ልክ መለዋወጫ ሻጩን ጠይቆ፣ ወፈር ያለውን መለኪያ መዘዘ። ሞርዶ ሲጨርስ ክፍተቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼማ በር ነው!»

«አንተስ ጠግበህ ስትበላ ቀበቶህን አታላላም?» አለች አብራኝ ወደ ጋራዡ የመጣችው ሚስቱ። «ተወው፣ ይተንፍስ።»

መኪናው ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ቀስ እያለ ተነዳ። ከዚያ ለዳገቱ ወጣን። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ወንድሜ ከፊት፣ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ። ሞተሩ የቆመባት ቦታ ስንደርስ ዓይኑን ጨፈነ። አማቹ ሆን ብሎ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ሳያጉረመርም የዳገቱ አናት ላይ አወጣን።

አማቹ መኪናውን አቁሞ ወደ እሱ ዞረ።

«የጓደኛዬንም ሞተር ለእርስዎ ነው የማመጣው» አለ። ቀጥሎ ሳቅ እያለ፣ «አባባ፣ አለቀ?»

ወንድሜ ዓይኑን አልገለጠም።

«ትንሽ ይቀራል» አለ። «መውረዱ አለ።»