ቱታውን ለብሳችሁ ተመለሱ ያልኩት እኔ ነኝ

ሰበታ በሚገኝ የሙያ ማሠልጠኛ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዲኑ አንድ ባዶ ክላሰር ሰጡኝና፣ «ሥራህ ልጆቹን ከፋብሪካ ማገናኘት ነው» አሉኝ። በየፋብሪካው በር መዞር ጀመርኩ። ጥበቃዎቹ እንደ ሱቅ በደረቴ ነጋዴ ያባርሩኝ ነበር።

የሥራ ፈጠራ ኮርስ የጨረሰ ሠልጣኝ ሁሉ በማግሥቱ ድርጅት መክፈት ያምረዋል። ጫልቱ የምትባል ሠልጣኝማ ልትከፍተው ያሰበችውን የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ቤት ማስታወቂያ ሳይቀር ሥላ መጣች። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብዬ አሾፍኩባትና የተቃጠለ ሞተር እየፈታች እንድትለማመድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላክኋት።

እጇ ቶሎ ተፍታታ። የጥገና ኃላፊው፣ «ይቺን ልጅ ስትጨርስ አልመልስልህም፣ እቀጥራታለሁ» አለኝ። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርታ የራሷን ቤት ስትከፍት ታየኝ።

ኩራቴ ልክ አጣ። ሠልጣኞቹ የፋብሪካው ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበትን ቱታ እንደለበሱ ወደ ቤት እንዲመለሱ አዘዝኩ። ሰፈሩ አይቷቸው ሌሎችም እንዲመዘገቡ ብዬ ነው።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ተነሳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ በፋብሪካዎቹ በኩል ጭስ ታየ፤ ስልክ እምቢ አለ። ሕዝቡ በፋብሪካዎቹ ላይ ምን ያህል እንደተቆጣ አውቃለሁ፤ ለፋብሪካ መሬት የለቀቁ ገበሬዎችን ልጆች አስተምር ነበር። ጫልቱ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ቱታ ልትመጣ ነው።

አባቷ ኦቦ ደበላ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ቢሮዬ ገቡ።

«መምህር፣ ልጄ የታለች?»

«እየመጣች ይሆናል፣ ኦቦ። ትንሽ ይታገሡ።»

«ምን ለብሳ?»

«ቱታውን» አልኩ።

አባትየው ተቀመጡ።

ሊመሽ ሲል ጫልቱ በማሳው በኩል፣ ከሥር በለበሰችው ሹራብና ሱሪ ብቻ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና መጣች።

«ወጣቶች መንገድ ላይ ያዙኝ» አለች። «በኦሮምኛ ‹የእናንተው እህት ነኝ› ስላቸው ቱታውን አስወልቀው ለቀቁኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «መምህር፣ ያለ ቱታ ነገ ያስገቡኛል?» አለችኝ።

አባቷ ቀድመውኝ፣ «ነገ የለም» አሉና እጇን ይዘው ወጡ። ወደ ፋብሪካውም ወደ ክፍልም አልተመለሰች።

ሠልጣኝ ወደ ሥራ ስትልኩ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ከጫልቱ በኋላ ነው።