ተቀድቶ የበረደ ሻይ

ልጄ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ጃፓን ሄደችና ከአንድ የሻይ ገበሬ ልጅ ጋር ተዋዳ እዚያው ቀረች። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ ይህን ሲሰማ፣ «ሽማግሌ ሳይላክ ልጅ አልሰጥም» አለ። «ጃፓን ሽማግሌ ጠፋ እንዴ? የሞላው እዚያ አይደል!»

እኔ ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ልጄ ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም፣ ልጁንም ትቼ አልመለስም አለች። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

ሺዙኦካ የሚሉት አገር ኮረብታው ሁሉ ሻይ ነው። ቁጥቋጦው እንደተከረከመ ጎፈሬ ድብልብል ብሎ፣ በመስመር በመስመር ሽቅብ ይወጣል። በመሃሉ ረጃጅም ምሰሶ ላይ ቬንትሌተር ሰቅለዋል፤ ውርጭ እንዳይመታው ነው አሉኝ። የደረስኩት ለጋው ቅጠል በሚለቀምበት ሰሞን ስለነበር መንደሩ ጎመን ጎመን ይሸታል። ቅጠሉን በእንፋሎት ሲያበስሉት ነው ለካ።

የእጮኛዋ አባት በገዛ እጃቸው ሻይ ቀዱልኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። መቼም እኛ ዘንድ ለጉዳይ የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይሰማ እህል ውሃ አይቀምስም። ሰውየው ሲኒውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሲበርድ ደፍተው ሌላ ቀዱ። ያም በረደ።

«እማ፣ ፕሊስ!» አለች ልጄ። «የዓመቱ የመጀመሪያ ሻይ እኮ ነው። ተበላሽቶ ነው ወይ እያሉ ነው።»

«ሻያቸው ምንም አልሆነም። ጉዳይ አላት በያቸው።»

«የምን ጉዳይ?»

«አባትሽ ሽማግሌ ይፈልጋል።»

«ኦ ማይ ጋድ! ይሄንን ትራንስሌት አላደርግም።»

«እንግዲያው አልጠጣም።»

አደረገች። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

«ደስ ይበልሽ፣ ከገዛ ቤታቸው አባረርሻቸው» አለችኝ። እኔም በልቤ አበላሸሁት ብያለሁ።

ሲመለሱ ኮት ደርበዋል። ከኋላቸው ከማሳ የተጠሩ ሁለት አዛውንት ጎረቤቶች ገቡ፤ አንዱ ጓንታቸውን ገና እያወለቁ ነው። ሦስቱም ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ይነሡ!» ብዬ ብድግ አልኩ። የእጮኛዋ አባት ተነሥተው ሦስተኛ ሲኒ ቀዱልኝ።

ልጄ አባቷ ጋ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞረችለት። ታክሲውን ጥግ አስይዞ ሦስቱን ረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥያቄያችሁን ሰምተናል። አስበንበት መልስ እንሰጣለን፤ ሌላ ቀን ብቅ በሉ» አለ፣ እንደ ወጉ።

«አባ!» ጮኸች ልጄ።

«ተው አንተ ሰው» አልኩት፣ «ሦስተኛው ሲኒ ሊበርድብኝ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«በቃ፣ ሰጥተናል በያቸው።»

ሲኒዬን አነሣሁ። ስኳር የለውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።