አባቴ የመለሱት በርኖስ

በጡረታ በምኖርበት በደብረ ብርሃን ከቤቴ አጥር ሥር አንድ አናጢ ሥራ ቤት ከፍቷል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ጠዋት መጋዙ እርጥብ የጥድ ግንድ ሲሰነጥቅ ሽታው በመስኮት ገብቶ የያዝሁትን ጋዜጣ አስጣለኝ። የጥድ ሽታ ባገኘኝ ቁጥር ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የቆመችው የመንደራችን ማርያም፣ ከደጇም በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን በሙጫው ላይ ያሳረፉት አባቴ ይመጡብኛል።

በነገሩ ውስጥ የገባሁት በእጅ ጽሕፈቴ ምክንያት ነው። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ፤ ሆኖም እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ሰዎች ማንበብን እንጂ መጻፍን አልተማሩም። እኔ በአምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በመሐል ሜዳ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ደርሼ ስለ ነበር፣ ከቤታችን ብዕር የሚይዝ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ።

በዚያ ዘመን በአገራችን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚታወቀው «የማን ሰው ነህ?» ተብሎ ነበር። አባቴ የፊታውራሪ ሰው ነበሩ። ፊታውራሪን በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ማዕረጉ ብቻውን ይበቃ ነበር። አባቴ እንደሚያምኑት ንጉሥን እግዚአብሔር ይሾማል፣ ፊታውራሪን ንጉሥ ይሾማል፣ ገበሬው ለፊታውራሪ ይታዘዛል፣ ፊታውራሪም በተራቸው ቤተ ክርስቲያኗን ይጠብቃሉ፤ ይህንንም ከሰማይ እስከ ጓሯችን የተዘረጋ አንድ ገመድ አድርገው ያዩት ነበር። የታማኝነታቸው ምስክር በምሰሶው ላይ የሚሰቀለው ጥቁር በርኖስ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ በአንድ የጥምቀት በዓል ፊታውራሪ ከትከሻቸው አውልቀው ያለበሷቸው ነው። አባቴ በርኖሱን የሚለብሱት ለቤተ ክርስቲያንና ለፊታውራሪ አደባባይ ብቻ ሲሆን፣ ከለበሱ በኋላም እንደ ካህን ልብስ አጥፈው ይሰቅሉት ነበር፤ እኛ ልጆችም ጫፉን እንኳ መንካት አይፈቀድልንም ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት፣ ገብሱ ገና ሳይታጨድ፣ የፊታውራሪ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው በማርያም ዙሪያ የነበረውን ጥድ መቁረጥ ጀመሩ። ፊታውራሪ በመሐል ሜዳ ትልቅ ቤት እያሠሩ ነበርና፣ ለጥዱ ምትክ የቤተ ክርስቲያኗን የሣር ክዳን በቆርቆሮ እንደሚያስለውጡ ለደብሩ አለቃ ቃል ገብተው ነበር። አባቴ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በተራ ዳቦና ጠላ እያመጣ አብሮ የሚቀምሰው ማኅበር ዳኛ ስለ ነበሩ፣ አለቃውን በሰዉ ፊት ጠየቋቸው።

«አለቃ፣ ይህን ጥድ ማን ተከለው?»

«አባቶቻችን።»

«ለማን ብለው?»

«ለእመቤታችን ነዋ።»

«እንግዲያ እመቤታችን መቼ ለፊታውራሪ ሰጠቻቸው?»

አለቃው ሳቅ አሉና፣ ሣሩ ሲያፈስ በጃንጥላ ሥር ወንጌል የሚያነቡት ሙሴ ሳይሆኑ እርሳቸው መሆናቸውን አስታወሱ። ሰዉም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ «ቆርቆሮ ሲዘንብበት ቅዳሴ አያሰማም» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ካህናቱ ራሳቸው የተስማሙበትን ነገር ከካህናቱ በላይ የሚቃወም ምእመን በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ኅዳር ገብቶ ውርጩ የባቄላውን ቅጠል ማቃጠል በጀመረበት በአንድ እሑድ፣ አባቴ በርኖሱን አውርደው አራግፈው በአራት አጠፉትና አሸከሙኝ። በእኛ አገር ጌታውን የሚተው ሰው በጨለማ አይከዳም ነበር፤ የተሰጠውን ይዞ፣ በሰው ፊት ቀርቦ፣ መልሶ ይለያል። በደጀ ሰላሙ ፊታውራሪ ከሰዎቻቸው ጋር ቆመው ሳለ አባቴ ከእጄ ተቀብለው፣ በግራና በቀኝ ክንዳቸው ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው አቀረቡላቸው። «ጌታዬ፣ ያለበሱኝን መልሻለሁ። እኔ አልተለወጥሁም፤ የተለወጡት እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

አንድ ጎረቤታችን ከኋላ፣ «ምነው ሙሴ፣ ውርጩ እስኪያልፍ እንኳ ቢታገሡ!» ሲል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ፊታውራሪ ግን ሳይቆጡ በርኖሱን ተቀብለው ለአሽከራቸው ሰጡና አባቴን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«በርኖሱን መልሰሃል። ሙቀቱንስ በምን ትመልሰዋለህ?»

አባቴ እጅ ነሥተው ወጡ። መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው ባዶ እጄን ተከተልሁ።

በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ የጥዱን መቆረጥ የሚቃወም አቤቱታ እንድጽፍ አስቀመጡኝ። በሥላሴ ስም እንድጀምር አዘዙኝ፤ እኔ በትምህርት ቤት ማመልከቻ እንዲህ እንደማይጀመር ብማርም እንዳሉት ጻፍሁ። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ብዕሬን አስቁመው ያነቡና፣ ፊታውራሪን የሚያዋርድ ቃል ካገኙ ያሰርዙኝ ነበር፤ ክሳቸው በሰው ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ መሆኑን ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። እናቴ ሱፍ እየፈተለች በማእዘን ተቀምጣ ታዳምጠን ነበር። ታላቅ እኅቴ በዚያ በጋ ሽማግሌ ይላክባታል ተብሎ ይጠበቅ ነበርና፣ «ለመሆኑ ልጄን የሚድርልኝ ዛፉ ነው ወይስ ጎረቤት?» አለች። አባቴ ቀና ብለው አዩዋትና «ቀጥል» አሉኝ። ወረቀቱን በመሐል ሜዳ ላለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ራሳቸው አደረሱ፤ ቅጂው ግን በዳዊታቸው ውስጥ ቀረ።

በግንቦት የእንደራሴ ምርጫ ሆነ። ለፊታውራሪ ወገን ልጃቸው ቀረቡ፤ ምልክታቸው ጋሻ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ምልክታቸው ብዕር የሆነ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቀረቡ። ጸሐፊው ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እናቴ ያቀረበችውን በልተው፣ የአቤቱታውን ቅጂ እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ ፓርላማ ከገቡ ጉዳዩን ራሳቸው እንደሚከታተሉ በአባቴ ዳዊት ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉ። አባቴ ፓርላማን የንጉሥ ጆሮ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ጆሮውን ካገኙ ንጉሡን እንዳገኙ ቆጠሩት።

ከምርጫው በፊት የወጣውን በደቃቅ ፊደል የታተመ መመሪያ ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ። መራጩ ከመጋረጃ ኋላ ገብቶ፣ የሚፈልገውን ሰው ምልክት መርጦ፣ ማንም ሳያውቅ በሳጥን ይከታል የሚለውን ሳሰማቸው አላመኑኝም። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «ለንስሐ ካልሆነ በቀር፣ ሰው በስውር ምን ይናገራል?» አሉኝ። ደንብ ነው አልኋቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ፤ የተስማሙ መሰለኝ።

በምርጫው ቀን ሰዉ በአደባባዩ በሰልፍ ቆሞ ነበር። አባቴ ተራቸው ሲደርስ ወረቀታቸውን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ወደ መጋረጃው አልገቡም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው፣ በሰንበቴ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«እኔ እስከ ኅዳር የፊታውራሪ ሰው ነበርሁ። ዛሬ ለብዕሩ ሰጥቻለሁ። እመቤታችን ትስማኝ፣ እናንተም ስሙኝ።»

አስመራጩ ወጣት ነበር፤ ደነገጠ። «አባቴ፣ ምስጢሩን ስላወጡት የእርስዎ ወረቀት አይቆጠርም» አላቸው።

«ያልሰማ ሰው አለ?»

«የለም፣ ግን—»

«እንግዲያ ተቆጥሯል» ብለው ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አስመራጩ ሁለት መስመር አሥምሮበት ለብቻው ሲያኖረው አየሁ። ጸሐፊው በምርጫው አሸነፉ፤ ያለ አባቴ ድምፅ።

ክረምቱ በዚያ ዓመት ከባድ ነበር፤ በሐምሌ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ይመጣ ነበር። የሰንበቴው ተራ የእኛ በሆነበት እሑድ እናቴ ጠላውን ከሁለት ሳምንት በፊት ጠምቃ፣ ዳቦውን በኮባ ጋግራ፣ በአህያ ጭነን ወደ ማርያም አደረስን። ቅዳሴው ወጣ፤ ሰዉ በቤተ ልሔሙ በኩል ዞሮ ወደየቤቱ ሄደ። በመቀመጫቸው የቀሩት አባቴ ብቻ ነበሩ። አለቃው ዳቦውን ባርከው ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትንሽ ቆርሰው ሄዱ። አባቴ ሰው ይመጣል ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቁ፤ ከዚያም እንደ ሥርዓቱ ለነዳያን እንዲሰጥ አዘዙ፤ በዝናቡ ምክንያት በደጃፉ የነበሩት ነዳያን ሁለት ብቻ ነበሩ። ጋኑን እንደ ሞላ መልሰን ጫንነው። በሚቀጥለው እሑድ ሙሴነቱ ለሌላ ተሰጠ። የእኅቴም ሽማግሌዎች በበጋው ሳይመጡ ቀርተው ነበር፤ በኋላ ወደ ጊሼ፣ ማናችንም ወደማናውቀው ቤት ተዳረች።

በመስከረም፣ ለመስቀል፣ አዲሱ እንደራሴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያረፉት በመሐል ሜዳ በፊታውራሪ አዲስ ቤት ነበር። አባቴ ይህን የሰሙት ከገበያ ከተመለሰ ሰው ነው። በዚያ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ከማርያም ጥድ በተሠራ ገበታ ላይ፣ ጸሐፊውና የፊታውራሪ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ በሉ ሰውየው በዝርዝር ነገራቸው። ጎረቤቶቻችን አባቴ አሁን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ፊታውራሪ ይመለሳሉ ብለው ጠበቁ፤ እናቴም ለመነቻቸው። አባቴ ግን አንድ ጊዜ በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት የሚያፈርሱበት ምክንያት አልታያቸውም። ለማንም ሳይሆኑ ቀሩ፤ በመንደራችን የማንም ያልሆነ ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

የአቤቱታው መልስ የመጣው በዓመቱ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የመጨረሻው ጥድ ከወደቀ በኋላ ነበር። አነበብሁላቸው፤ ስጨርስ የጠየቁኝ ቀኑን ብቻ ነበር። ነገርኋቸው። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በዳዊታቸው ውስጥ፣ ከቅጂው ጎን አስቀመጡት።

ከዓመታት በኋላ በመንግሥት ሥራ ተቀጥሬ በመጀመሪያ ደመወዜ ከመንዝ ሸማኔ ጥቁር በርኖስ አሠርቼ ወሰድሁላቸው። መረቁኝ፤ ዳሰሱትም፤ ግን አልለበሱትም። በውርጭም በጉምም በአሮጌ ጋቢ ነበር የሚወጡት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ሙቀቱን እየመለስሁ ነው» አሉኝ። በርኖሱ እንደ ታጠፈ በቀብራቸው ዕለት ለአንድ ደኻ ተሰጠ።

እኔ በሥራ ዘመኔ ለሦስት መንግሥታት ምያለሁ። የአንዱን አባልነት ደብተር ተቀብያለሁ፤ ያ ሲወድቅ ደብተሩን በመሳቢያ ከትቼ የሚቀጥለውን ስብሰባ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ አዳምጫለሁ። ሥራዬን በንጽሕና ሠርቻለሁ፣ በዚህም አላፍርም፤ ነገር ግን የለወጥሁትን ሁሉ የለወጥሁት ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ ነው፤ ለማንም በርኖስ አልመለስሁም፤ ማንም ጠላዬን አልተወብኝም። ድምፄ ሁልጊዜ ተቆጥሯል። ባለፈው ነሐሴ ወደ መንደራችን ሄጄ በማርያም አስቀደስሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው የካህኑ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይሰማኝም ነበር። ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል።

የአባቴ ዳዊት ዛሬ በእኔ ዘንድ ነው። በውስጡ ያለው የመልስ ወረቀት በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፣ አራት መስመር ነው፦ ዛፎቹ የተቆረጡት በደብሩ አለቃ ፈቃድና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ጥቅም ስለ ሆነ አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ መዝገቡም ተዘግቷል ይላል። ከፊርማው በላይ የተጻፈው ቀን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ታንጻ የተቀደሰችበት በዓል ነው፦ ሰኔ ፳፩ ቀን።