ሞተር ቤቱ ግድግዳ ሥር የሚተኙት ሕፃናት

ዲላ ቡና መቀሸሪያ ቤት የገባሁበትን ጠዋት ሳስበው ዛሬም ልቤ ይዘልላል። ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ። ዋናው ሞተሪስት ጋሽ ተሰማ የማስነሻውን እጀታ አስጨበጡኝና “አዙር!” አሉኝ። አዞርኩ። ያ ግዙፍ የናፍጣ ሞተር አስነጠሰ፣ አጓራ፣ ተነሣ። ቺንጋው፣ ያ መቀሸሪያውን የሚያዞረው ሰፊ ቀበቶ፣ ሲዞር መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ፤ ጩኸቴን ግን እኔም አልሰማሁት።

ሥራችን ከኮንጋና ከሬኮ የሚመጣውን ጀንፈል፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ መቀሸር ነበር። ቅርፊቱ በጓሮ በኩል እየተራገፈ ይከመራል፤ ፍሬው ብልሹውን ከደህናው ወደሚለዩት ለቃሚ ሴቶች ያልፋል።

ጋሽ ተሰማ የሚያስተምሩት በእጅ ነው። ጣት ወደ ላይ ሲሉ ጨምር፣ መዳፍ ወደ ታች ሲሉ ቀንስ። በአፍ ቢናገሩም የሚሰማ የለም፤ እሳቸውም ከሚሰሙት የማይሰሙት ይበዛል። “ሞተር ያላደነቆረው ሰው ምኑን ሞተሪስት ሆነው?” እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም የሙያው ወግ መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ከማል ደግሞ ጸጥታ አይወዱም። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ አስገጥመዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ጣሳው “ቱክ ቱክ” እያለ ጋራውን ሁሉ ያዳርሳል። “ገበሬው ዛሬ እንደምንቀሽር በምን ይወቅ? ጥሩንባዬ እኮ ነው!” ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጣሳው ሲጮህ በቅሎ የጫነ ሁሉ ወደ እኛ ይታጠፋል።

የለቀማው ክፍል ከሞተር ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ጠዋት ሲበርድ ያ ግድግዳ ሙቅ ነው። እናቶቹ ሕፃናቱን ሥሩ ጆንያ ላይ ያስተኟቸዋል። ሞተሩ ሲነሣ የሚነጫነጨው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይተኛል። “ሞተር ሞግዚት” ብለው ስም አውጥተውለት ነበር። ቡና የማይለቅሙ ጎረቤቶች ሳይቀሩ እንቅልፍ እምቢ ያለ ልጅ ይዘው ይመጣሉ።

ከለቃሚዎቹ አንዷ ማርታ የምትባል የጌዴኦ ሴት ነበረች። “የእኔ ደስታ ሞተር ይወዳል፤ አያስቸግርም” ትለኝ ነበር። በማርታ አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፤ ደስታ ዳዴ የምትል ሴት ልጇ ናት።

አንድ ቀን ቺንጋ ተበጥሶ ሞተሩ ቆመ። ስጠግን ትልቁ መፍቻ ከእጄ አምልጦ ቆርቆሮ ላይ ወደቀ። ሕፃናቱ በሙሉ እሪ አሉ። ደስታ ግን ጀርባዋን ሰጥታን በቡና ፍሬ መጫወቷን አላቆመችም።

“አየህ? ጨዋ ነው!” አለች ማርታ እየሳቀች።

ጋሽ ተሰማ አልሳቁም። ከልጅቷ ኋላ ሄደው አጨበጨቡ። ዞር አላለችም። “ማርታ፣ እስቲ ጥሪያት” አሉ።

“ደስታ! ደስታዬ! አንተ ደስታ!”

ልጅቷ ፍሬዎቿን መደርደሯን ቀጠለች። የማርታ ፊት አመድ መሰለ።

“እኔስ ወድጄ ነው የደነቆርኩት፤ እንጀራዬ ነው። ይቺ ምን በወጣት?” አሉ ጋሽ ተሰማ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

የክሊኒኩ ድሬሰር ጆሮዋን አየ። “መግል የለውም። ከጩኸት አርቋት፤ መስማቷ ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል” አለ።

ተያይዘን ወደ ሐጂ ገባንና ልጆቹ ከግድግዳው ይራቁ፣ ጣሳውም ይውለቅ አልናቸው። “ልጆቹ ከራቁ ሴቶቹ ሊያጠቡ ሲመላለሱ ሥራ ሊፈታ ነው” አሉ ሐጂ። “ጣሳው ከወለቀ ደግሞ ገበሬው ሌላ ቤት ይሄዳል።”

ጋሽ ተሰማ በደንቆሮ ድምፃቸው፣ ገበያው ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ “ይቺ ልጅ ደንቁራ ብትቀር በእርስዎ ጥሩንባ ነው!” አሉ።

“ያ ረቢ! ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል!”

“ይስማ! ጆሮ ያለው ይስማ!”

እኔም ቀበል አድርጌ፣ “ሐጂ፣ ጣሳው ይቆይልዎት፤ ወደ መንገዱ ላዙረው። ልጆቹን ብቻ ሳይሆን ለቀማውንም አብረን እናርቀዋለን” አልኩ። ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። “አድርጉት” አሉ።

እንደዚያ ሳምንት በደስታ የሠራሁበት ጊዜ የለም! የጭስ ማውጫውን አስረዝመን ከጣራው በላይ ወደ መንገዱ አዞርነው። በጓሮ የተከመረውን ቅርፊት ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ጆንያውን ደርበን ደራርበን በሞተር ቤቱ ጓሮ በኩል ወፍራም ግድግዳ አቆምን። ለብርዱም ከዚያው ቅርፊት ለሕፃናቱ ፍራሽ ሞላን።

የቀረው ለለቃሚዎቹና ለሕፃናቱ ዳስ የሚተከልበት ቦታ ነበር። ሞተሩን አስነሣንና ማርታ ወደ እንሰቱ ጓሮ ማፈግፈግ ጀመረች፤ እኔ በአንድ ክንድ ርቀት እየተከተልኩ በተራ ድምፄ አወራታለሁ።

“አሁንስ?”

“ምን?”

ትንሽ ራቅን። “አሁንስ?”

“ምን አልክ?”

እንሰቱ መሐል ገባን። “አሁንስ ይሰማሻል?”

“ይሰማል እንጂ! ስንቴ ትጠይቃለህ?”

እዚያው ችካል መታሁ። ዳሱ ቆመ፣ ለቀማውም ሕፃናቱም ወደዚያ ዞሩ። የገበሬው በቅሎም እንደ ወትሮው መጣ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማርታ እጇ ቡና ላይ፣ ዓይኗ ልጇ ላይ ነበር። ስንት ጊዜ ጠርታት ዝም አለቻት። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ረፋድ ላይ፣ ከፍሬው ቀና ሳትል እንደ ልማዷ “ደስታ” አለች። ልጅቷ ዞረች! ዞራ እናቷን አየቻት!

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም እየዘለልኩ ጮህኩ። ደስታ በጩኸታችን ደንግጣ እንባዋን አወረደችው።

ጋሽ ተሰማ እጄን ያዙኝ። “ምን ሆና ነው?”

“ጩኸታችን አስደንግጧት ነው!” አልኩ በጆሯቸው።

“እሰይ! ታልቅስ!” አሉ፤ እሳቸውም እያለቀሱ።

አንደኛው ጆሮዋ እንደከበደ ቀርቷል፤ በሌላው ትሰማለች። እኔም ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሞተር ቤት ሁሉ ሞተሩን አስነሥቼ፣ አንድ ሰው በክንድ ርቀት አቁሜ በተራ ድምፅ አናግረዋለሁ። ለመሰማማት መጮህ ካስፈለገን፣ እዚያ ሕፃን አይተኛም።